ምሰሶውን ሦስት ጊዜ የዞሩ ዶሮዎች

በእኛ አገር ሰርግ ላይም፣ ሽምግልና ላይም፣ ዕድር ላይም ሳይቀር የሚጠቀስ አንድ አባባል አለ። አብዝተው የሚጠቅሱት ደግሞ ሴት ልጃቸውን ከቤት ላለማስወጣት ሌላ ምክንያት ያጡ ወንዶች ናቸው። መጽሐፍ ገልብጦ እንደያዘ ሰው ናቸው፤ ማንበብ እንደማይችሉ ከሩቅ ያስታውቃል። እኔ ታሪኩን እዚያው ከነበሩት ሰዎች አፍ ሰምቼዋለሁ። አባባሉን ለመጨረሻ አቆይቼ ከመነሻው ልንገራችሁ።

ጥድ ማርያም በምትባል መንደር አያ ድንበሩ የሚባል ሰው ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ በር መዝጋት ይወዳል፣ ያ ነው ጥፋቱ። እህሉን ይቆልፍበታል፣ ጥጃውን ይቆልፍበታል፤ ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ ደግሞ አንዲት ልጁን ይታይሽን ከቤተ ክርስቲያንና ከምንጭ በቀር የትም አያሰናብታትም። ምክንያቱን መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል። ታናሽ እህቱ የሻረግ በአሥራ ስምንት ዓመቷ ከተማ ወርዳ፣ ይኸው ሃያ ዓመት፣ አልተመለሰችም።

ይህ ሰው ከገበያ ዘጠኝ ቄብ ዶሮዎች ገዛ። በጆንያ አድርጎ አመጣቸውና፣ ከቤት እንዳይርቁ በአባቶቹ ወግ እያንዳንዳቸውን ይዞ የቤቱን ምሰሶ ሦስት ሦስት ጊዜ አዞራቸው። ከዚያ ጓዳ ውስጥ ቆጥ ሠርቶ ዘጋባቸው። ሰባት ወር ሙሉ።

ለምን አትለቃቸውም ሲሉት፣ «ጭልፊት አለ፣ ሸለመጥማጥ አለ፤ ከሁሉም በላይ ጎረቤት አለ» ይላል።

ጎረቤት ያላት እትዬ አዛለች ናት። የእሷ አሥራ አንድ ዶሮዎች ቀኑን ሙሉ ሲጭሩ ይውሉና፣ ሲመሽ ማንም ሳይጠራቸው ገብተው ቆጣቸው ላይ ይወጣሉ። «የአያ ድንበሩ ዶሮዎች መንኩሰዋል» ትላለች ለሰው ሁሉ። «እንቁላላቸውን አይታችኋል? አስኳሉ ራሱ ጾመኛ ነው፤ ገርጥቷል።»

በሰባተኛው ወር፣ ከተማ የምትኖረው የይታይሽ አክስት፣ የእናቷ እህት፣ መልእክት ላከች። ልብስ ስፌት የሚያስተምሩበት ቤት ተከፍቷል፤ ቦታ ይዤላታለሁ፤ ቅዳሜ በገበያው አይሱዙ ትምጣ የሚል ነው። ይታይሽ በመርፌ መስፋት ድሮም ትችላለች። ማንም አላስተማራትም፤ የአባቷን አሮጌ እጀ ጠባብ ተርትራ፣ እያየች መልሳ በመስፋት ነው የተማረችው። መልእክቱን እንደሰማች ሁለት ቀሚስና አንድ ነጠላ ቋጠረች። ፈቃድ የጠየቀችው ከቋጠረች በኋላ ነው።

«አይሆንም» አለ አያ ድንበሩ።

«ለምን አባባ?»

«የወጣ አይመለስም።»

«እኔ እመለሳለሁ።»

«የሻረግም ብላ ነበር።»

ይታይሽ ምላስ ነበራት። «እሺ፣ እኔን በየሻረግ ሰበብ ይዘጉብኛል። ዶሮዎቹን በማን ሰበብ ነው የዘጉባቸው?»

በሩ አጠገብ ተቀምጠው ጥጥ የሚፈትሉት የአያ ድንበሩ የሟች አባት እህት እማማ ደብሪቱ ይህን ሰምተው ሳቁ። አያ ድንበሩ ደግሞ ሲሳቅበት መወራረድ ይቀናዋል።

«በይ እንግዲያው!» አለ። «ነገ ጠዋት ዘጠኙንም እለቃቸዋለሁ። ሲመሽ ዘጠኙም በገዛ እግራቸው ከገቡ ቅዳሜ ትሄጃለሽ። አንዷ ከቀረች ግን ይህ ወሬ እዚህ ቤት ሁለተኛ አይነሳም። እማማ፣ እርስዎ ምስክር ይሁኑ።»

«በሰው ላይ ዶሮ ይፈርዳል እንዴ ድንበሩ?» አሉ እማማ ደብሪቱ።

ይታይሽ ግን ስፌት እንጂ ዶሮ አታውቅም። ምሰሶ ዞረዋል፣ የት ይሄዳሉ ብላ ተስማማች።

ማክሰኞ ጠዋት በሩ ተከፈተ። ዘጠኙም ደፉ ላይ ቆሙ። ፀሐይን ከረሱ ሰባት ወራቸው ነውና፣ አንገታቸውን አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ሰበር እያደረጉ አዩዋት። ከዘጠኙ አንዷ፣ ገብስማዋ፣ አንድ እግሯን አወጣች፤ መለሰች፤ እንደገና አወጣች። ከዚያ ሁሉም ወጡ። ሣር ቀመሱ፣ ትል አገኙ፣ አመድ ላይ ተንከባለሉ። እኩለ ቀን ላይ በአጥሩ ሾልከው ከእትዬ አዛለች ዶሮዎች ጋር ተዋወቁ። አያ ድንበሩ ዱላ ይዞ ሰማይ ሰማይ ሲያይ ዋለ፤ ጭልፊት አልመጣም፤ የታመመው የራሱ አንገት ነው። ይታይሽ ስትቆጥር ዋለች። ዘጠኝ። ምንጭ ወርዳ ተመልሳም ዘጠኝ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሃያዎቹም አንድ ላይ መጡ። አያ ድንበሩ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ፣ በቁና የያዘውን ገብስ እያንሿሿ ጠራቸው። ዘጠኙም ቀና አሉ። ድምፁን አውቀውታል። ሰውየውን አዩት፤ ግድግዳውን አዩት፤ ጣሪያውን አዩት። የማያውቁት ሰው ደጃፍ ላይ እንደቆመ መንገደኛ ጥቂት አመነቱና፣ ስምንቱ የእትዬ አዛለችን ዶሮዎች ተከትለው ሄዱ። ገብስማዋ ብቻ ቀረች። ቤቱን በውጭ ዞረችው። አንዴ። ሁለቴ። ሦስቴ። ከዚያ እሷም ወደ እትዬ አዛለች ቤት ሄደች።

«በጥሬ አባብለሽ ወሰድሽብኝ!» ብሎ አያ ድንበሩ አጥር ላይ ጮኸ።

«እኔ? የራሴን አሥራ አንድ ማጥገብ አቅቶኝ፣ የአንተን ዘጠኝ መነኩሴ ልቀልብ? ና፣ ግባና ለይተህ ውሰድ!»

በእግራቸው አንጠልጥሎ በሦስት ምልልስ አመጣቸው። ውርርዱን አሸንፏል። ዘጠኝ ዶሮ ከድቶት ያሸነፈ ሰው ግን ምን ዓይነት ፊት እንደሚኖረው እናንተው ገምቱ።

«አልገቡም። አበቃ» አለ።

ይታይሽ ቋጠሮዋን ወደ ጭኗ ስባ መፍታት ጀመረች። አንዱን ቀሚስ አወጣች።

እማማ ደብሪቱ እንዝርታቸውን አስቀመጡ። «ቆይ አንቺ፣ አትፍቺ። ድንበሩ፣ እነዚህን ዶሮዎች በምን አመጣሃቸው?»

«በጆንያ።»

«አፉ የታሰረ?»

«ታዲያ ክፍት ይሁን?»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ምሰሶውን ሦስት ጊዜ አዞርኳቸው፤ በወጉ!»

«ምሰሶው የት ነው ያለው?»

«ምን ይጠይቁኛል፣ ቤት ውስጥ ነዋ!»

«ደጅ ላይስ እግራቸውን አስረህ ስንት ቀን አላመድካቸው?»

«ደጅማ አላሳየኋቸውም።»

«ምሰሶውንማ አሳምረው ያውቁታል» አሉ እማማ ደብሪቱ። «ዛሬ ምሰሶህ ደጅ ቆሞ ቢሆን ዘጠኙም በገቡልህ። ቤትህን ግን በውጭ በኩል አይተውት አያውቁም። በምን ምልክት ይግቡ?»

«እሱ የዶሮ ነገር ነው እማማ። የሻረግ ዶሮ አይደለችም።»

«የሻረግ ከዚያ ቀን በፊት ስንት ጊዜ ወጥታ ነበር?»

አያ ድንበሩ መሬት መሬት ያይ ጀመር። ያኔም በሩን የሚዘጋው እሱ ነበር።

«አንድም ቀን» አለ በመጨረሻ።

እማማ ደብሪቱ እንዝርታቸውን አነሱ። ይታይሽ ቀሚሱን መልሳ ልቋጥረው አልቋጥረው ብላ በእጇ እንደያዘችው ቀረች።

በማግስቱ ማንም ሳያዘው አያ ድንበሩ ደጃፉ ላይ ዘጠኝ ካስማ ተከለ። ዘጠኙንም በእግራቸው አሰራቸው። ፊቷን ወደ ሜዳው ያዞረችውን እየዞረ ወደ ቤቱ ይመልሳታል፤ ሐሙስም ሥራው ይኸው ነበር። እትዬ አዛለች በአጥሩ ላይ አንገቷን አውጥታ፣ «ቅዳሴ ልታስተምራቸው ነው?» ብትለው አንዷን ዶሮ ወደ ቤቱ አዞራት። ሲመሽ ይፈታቸውና በበሩ እየነዳ ያስገባቸዋል። ለይታይሽ፣ «አርብ እለቃቸዋለሁ፤ ውርርዱ እንዳለ ነው» ብቻ አላት።

አርብ ለቀቃቸው። ከእትዬ አዛለች ዶሮዎች ጋር ውለው፣ ሲመሽ ስምንቱ አጥሩ ላይ ተለይተው መጡና በበሩ ገቡ። ገብስማዋ ቤቱን መዞር ጀመረች። አንዴ ዞረች። ይታይሽ ቋጠሮዋን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛለች። አያ ድንበሩ ገብሱን ማንሿሿት ትቷል። ገብስማዋ ሁለተኛውን ዙር ጀምራ ደጃፉ ላይ ስትደርስ ቆመች። ካስማዋን አየች። በሩን አየች። ገባች።

ቅዳሜ ጠዋት ቋጠሮውን የተሸከመው አያ ድንበሩ ነው። አይሱዙው የሚቆምበት ጉብታ ላይ ሲደርሱ የይታይሽን ትከሻ ይዞ ወደ መንደሩ አዞራት።

«ያውልሽ። ከትልቁ ጥድ በስተግራ፣ ቆርቆሮው ላይ ሦስት ድንጋይ የተጫነበት።»

«አባባ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የኖርኩበት ቤት ነው እኮ።»

«ከውስጥ ነው የኖርሽበት። እዪው።»

አየችው። ሾፌሩ ጥሩምባውን እስኪነፋ ድረስ አሳያት።

እትዬ አዛለች ከታች፣ ከአጥሯ ሥር ሆና ይህን ሁሉ ስታይ ቆይታ፣ «እማማ፣ ይህ ሰውዬ ጤናም የለው? የዘጋባትን ልጅ በገዛ እጁ አውጥቶ የገዛ ቤቷን ያስጎበኛታል!» ብላ አጥር ማዶ የተቀመጡትን አሮጊት ጠየቀች።

እማማ ደብሪቱ እንዝርታቸውን እያሾሩ እንዲህ አሉ፦ «ምን ያድርግ ልጄ፤ ወጥታ የማታውቅ ዶሮ መግቢያዋን አታውቅም።»