«ጨዋ» የተባለችው ልጅ

አንድ ልብስ ሰፊ ነበረ፤ ስሙ ደምሰው ይባላል። የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋ ቤቱን ያስተዳድር ነበር። ወረርሽኝ በሽታ መጥቶ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ የእሱም ሥራ አብሮ ተዘጋ። ዩኒፎርም ለማን ይሰፋል? የስፌት ማሽኑን ከሱቁ አውጥቶ ቤቱ አስገባና ያገኘውን አሮጌ ልብስ መጠገን ጀመረ። ሚስቱ ሆስፒታል ውስጥ በጽዳት ስለምትሠራ፣ ቀን ቀን ቤት የሚውሉት እሱና ትንሿ ልጁ ቤዛ ብቻ ነበሩ።

ሰውየው ጨነቀው። ቤዛ ሮጠች ብሎ ይጮሃል፣ ዘፈነች ብሎ ይጮሃል። አንድ ቀን መርፌ ተሰበረበትና «ሥራ ያጣሁት በአንቺ የተነሳ ነው!» አላት። ተናግሮ ረሳው። ልጅ ግን የት ይረሳል!

ከዚያ ቀን ወዲህ ቤዛ ጸጥ አለች። ደምሰውም ደስ አለው። ጎረቤቱ ወይዘሮ ትርንጎ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሕፃናት ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ከአጥሩ ማዶ ሆነው ሰላም ሲሉት፣ ልጁ ምን ያህል ጨዋ እንደሆነች፣ ቤት ውስጥ መኖሯ እንኳ እንደማይታወቅ በኩራት ነገራቸው። ሴትዮዋ አላደነቁለትም። ለመሆኑ ጨዋ ልጅና የፈራ ልጅ ትለያለህ ወይ ብለው ጠየቁት። ግራ ሲገባው ደግሞ፣ እስኪ አብረሃት እቃቃ ተጫወት፣ እሷው ትነግርሃለች አሉት።

ደምሰው በሆዱ ሳቀ። ትልቅ ሰው እቃቃ! ቢሆንም ሴትዮዋን ያከብራቸው ስለነበር ሄዶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ቤዛ በቆርኪና በዩኒፎርም ቁርጥራጭ ቤት ሠርታ ነበር። እሷ አባት ሆነች፣ እሱን ልጅ አደረገችው። ልጅ ሆንኩ ብሎ እየዘፈነ ማጨብጨብ ሲጀምር እጁን ያዘችው።

«እንደሱ አይደለም» አለችው በሹክሹክታ። «ልጁ ዝም ብሎ ጥግ ላይ ነው የሚቀመጠው።»

«ለምን?»

«የአባቱ ሥራ የጠፋው በእሱ ምክንያት ነዋ።»

ደምሰው ያኔ መርፌ ሲሰበርበት ያላት ትዝ አለው። ጨዋነት ብሎ ሲኮራበት የሰነበተው ነገር ለካ ይህ ኖሯል! አባት ልጁን ይቅርታ በማይጠይቅበት ቤት ነው ያደገው፤ ቢሆንም ተናገረ።

«አሁን ደግሞ እኔ አባት ልሁን» አላት። «ልጄ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ሥራዬን የወሰደብኝ በሽታው ነው። በአንቺ የተነሳ አይደለም።»

ቤዛ ወዲያው አልፈነደቀችም። ደምሰውም ጩኸቱን በአንድ ጀንበር አልተወም። ግን በጮኸ ቁጥር ተመልሶ ወለሉ ላይ ቁጭ ይልና ያንኑ ቃል ይደግምላታል። እያደር ዘፈኗ ተመለሰ።

ዓመታት አለፉ፤ ቤዛም እናት ሆነች። የምትሠራበት ድርጅት ድንገት ተዘግቶ ከሥራ የወጣች ዕለት፣ ወተት ደፋሽ ብላ በሴት ልጇ ላይ ጮኸች። ልጅቷ ዝም ብላ ሄዳ ጥግ ያዘች። ቤዛ ያንን ጥግ ታውቀዋለች። ሄዳ አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና «በአንቺ የተነሳ አይደለም» አለቻት።

ወዳጆቼ፣ ክፉ ጊዜ ወላጅን ያስጮሃል፤ የማይጮህ ካለ ይምጣና እንየው። ልጅን ግን ዕድሜ ልኩን የሚከተለው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ብሎ ብቻውን የያዘው ሐሳብ ነው። ይህንን ሸክም ከልጅ ላይ ማውረድ ደግሞ ይቻላል፤ ዝቅ ብሎ ወለሉ ላይ መቀመጥና እውነቱን መንገር ይበቃል። እስኪ ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ልብ በሉ፤ ጨዋ ነው እያላችሁ የምታመሰግኑት ልጅ ለምን ይሆን ዝም ያለው?