ሲጠፋ የሚናገረው ብርሃን

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ልትሉኝ ነው፤ ላሟም የምትጠጣው አጥታለችና በረቱን ለዛሬ ተዉት።

ስንዱ የምትባል የኬሚስትሪ ተመራማሪ ነበረች። ነፍሰ ጡር እህቷ አስካለ ንጹሕ ውሃ ብቻ ጠጪ ተብላለች። የስንዱም ምኞት አንድ ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ ነበር።

ቧንቧውን ለመነች። ቧንቧው በወንዙ አላከከ።

ወንዙን ለመነች። ወንዙ በፍሳሽ ቦዩ አላከከ፣ ቧንቧው በወንዙ። አስካለም ተጠማች።

ቦዩን ለመነች። ቦዩ በቆዳ ፋብሪካው አላከከ፣ ወንዙ በቦዩ፣ ቧንቧው በወንዙ። አስካለም ተጠማች።

ወደ ፋብሪካው ሄደች። ባለቤቱ ጨዋ ሰው ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጣትና የከተማው የውሃ ኮሚቴ ካዘዘው ቦዩን ዛሬውኑ እንደሚደፍን ማለላት። ፋብሪካው በኮሚቴው አላከከ፣ ቦዩ በፋብሪካው፣ ወንዙ በቦዩ፣ ቧንቧው በወንዙ። አስካለም ተጠማች።

የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ደመላሽ ማስረጃ ጠየቁ። ማስረጃስ ነበራት። ከዱቄት እጅግ የደቀቀ፣ በልዩ መብራት ሥር አረንጓዴ የሚያበራ ብናኝ ሠርታለች፤ ምላስ የማይለየው ጥቂት የቆዳ ማልፊያ መርዝ ከነካው ይጠፋል። የቧንቧውን ውሃ ጠብ አደረገችበት። ድርግም አለ።

«አልበራም እኮ» አሉ አቶ ደመላሽ። «ካልበራ ምንም የለም ማለት ነው።»

መርዝ መኖሩን የሚናገረው መጥፋቱ ነው ብላ ብታስረዳ፣ በድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ሆነባት። ኮሚቴው በብርሃኑ አላከከ፣ ፋብሪካው በኮሚቴው፣ ቦዩ በፋብሪካው፣ ወንዙ በቦዩ፣ ቧንቧው በወንዙ። አስካለም ተጠማች።

ስንዱ ቤተ ሙከራዋ ገባችና ብናኙን ገልብጣ ሠራችው፤ አሁን መርዝ ሲያገኝ ይበራል። በቀጣዩ ስብሰባ አቶ ደመላሽ ግማሹን ከጠጡት ብርጭቆ ጠብ አደረገችበት። ቦግ አለ። ኮሚቴው አጨበጨበ። አቶ ደመላሽም ሲያጨበጭቡ ብርጭቆው የማን እንደሆነ ትዝ አላቸው፤ እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

ከዚያማ ብርሃኑ ሰብሳቢውን አስደነገጠ፣ ሰብሳቢው ኮሚቴውን አጣደፉ፣ ኮሚቴው ፋብሪካውን አዘዘ፣ ፋብሪካው ቦዩን ደፈነ፣ ቦዩ ወንዙን ለቀቀ፣ ወንዙ ቧንቧውን አጠራ።

ለምርቃቱ ድንኳን ተተከለ፣ እንግዳ ተጠራ። አቶ ደመላሽ የቧንቧውን ውሃ በራሳቸው እጅ ብናኙ ላይ ጠብ አደረጉ። አልበራም። ደግመው ጨመሩ፤ አሁንም ጨለማ ነው። ላብ አጠመቃቸው።

«አዋረድሽን እኮ ስንዱ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «መሣሪያሽ ተበላሸ።»

ስንዱ ጨለማውን ብልቃጥ አየችው፤ ደስታ እንባዋን አመጣው። እንግዶቹ የሚበራ ውሃ እየጠበቁ ሳለ እሷ ከቧንቧው ቀድታ ለእህቷ ሰጠቻት። አስካለም እስኪበቃት ጠጣች።

ተረቴን መልሱ፣ የኔንም ጉሮሮ ከዚያው አርሱ።