በሰም ክፍል ውስጥ የሚያዳምጡት

አንድ ንብ አናቢ ጎህ ሲቀድ ሞተ። ነፍሰ ጡር ሚስቱ በማግስቱ በዚያው ሰዓት ተነሥታ በጓዳው ግድግዳ ላይ የተጋደመውን ቀፎ ሦስት ጊዜ በቡጢ መታችው። «ጌታችሁ ሞቶ እናንተ ትሠራላችሁ?» አለች። ንቦቹ ጮኹ። ጩኸታቸው ለቅሶ መሰላትና ትንሽ ቀለላት። ከዚያ ወዲያ ሳትመታ ያለፈችው ንጋት አልነበረም።

ከአራት ወር በኋላ ሴት ልጅ ተገላገለች። አራስ ናትና ከመኝታዋ አልተነሣችም፤ ቀፎውንም ማንም አልነካውም። ጎህ ሲቀድ ግን ቀፎው በራሱ ጮኸ። ሕፃኗ ጡት ለቀቀች፤ እጆቿን ጨብጣ፣ ትንፋሿን ይዛ ቀረች። አላለቀሰችም። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ፤ በሦስተኛውም ቀን። ውሎ አድሮ ልጅቱ ቀኑን ሙሉ ጡት እምቢ አለች፤ ሰውነቷም እየመነመነ ሄደ።

ሴቲቱ አያ ደምሌ የሚባሉ ሽማግሌ ንብ አናቢ አስጠራች፤ ቀፎውን በየንጋቱ ስትመታ መክረሟንም ነገረቻቸው።

«ባሌ ቀፎው ውስጥ ነው። ልጄን ሊወስዳት ይጠራታል» አለቻቸው።

ሽማግሌው ጆሯቸውን ቀፎው ላይ ጣል አደረጉ። «ባልሽ? በሬ ሲጠፋበት እንኳ በሹክሹክታ ይፈልግ የነበረው ሰውዬ ዛሬ ነው መጮኽ የጀመረው?»

«ታዲያ ንቦቹ ለእርሱ ካልሆነ ለማን ያለቅሳሉ?»

«ልጄ፣ እርሱን የሚያውቁት ንቦች አርባው ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ አልቀዋል። የሠራተኛ ንብ ዕድሜ ይኸው ነው። እነዚህ አንቺ ስትመቺ በሰም ክፍላቸው የተኙ፣ ዓይንም እግርም ያላወጡ እጮች ነበሩ። ለቅሶ አያውቁም። የሚያውቁት በዚህ ሰዓት ቤታቸው እንደሚናወጥ ነው።»

ከዚያም ሕፃኗን አዩ። «እሷስ ያኔ የት ነበረች?»

ሴቲቱ እጇን ወደ ሆዷ ሰደደች።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ልጇን ደረቷ ላይ አስተኝታ ከቀፎው ሥር ተቀመጠች፤ መዳፏን ዘርግታም በላዩ አኖረች። ሰዓቱ ሲደርስ ቀፎው ጮኸ፤ ልጅቱም እጆቿን ጨበጠች። እናቷ መዳፏን ሳታነሣ ስለ አባቷ በዝግታ ታወራላት ጀመር፦ አረማመዱን፣ አሳሳቁን፣ ሊያወጣላት ያሰበውን ስም። እንዲህ እያደረገች ሰነበተች። በዘጠነኛው ንጋት ቀፎው እየጮኸ ልጅቱ ጠባች። ቀፎው ራሱ ዝም ያለው ግን እነዚያ ንቦች አልቀው ሌሎች ከተተኩ በኋላ ነው።

ማዘን ነውር አይደለም። ነገር ግን አይሰሙም የምንላቸው፣ የምናለቅስለትን ሰው ሳያውቁ የእጃችንን አመታት ብቻ ይማራሉ፤ እኛ ከተውነው በኋላም ሰዓቱን ይጠብቁልናል። ዛሬ በእርስዎ ቤት፣ ከግድግዳው ማዶ ተኝቶ የሚያዳምጠው ማን ነው?