የደብሪቱ ቀሚስ

ድሮ ድሮ ነው፤ የቅድመ አያታችሁ የወተት ጥርስ እንኳ ሳይበቅል። በወርጭ አምባ ደብሪቱ የምትባል ሱፍ ፈታይ ነበረች። ባል የላት፣ መሬት የላት። ያሏት ሰባት በጎች ናቸው። ሱፋቸውን ትፈትላለች፣ በዚያው ታድራለች፣ አለቀ።

አንድ ክረምት በአገሩ በግ ላይ የሆድ ትል ገባ። በጎቹን አስቀመጣቸው፣ ከመንጋጋቸው ስር አበጡ፣ ሱፋቸው ረገፈ። የደብሪቱ ግልገል ማደጉን ትቶ ድመት አክሎ ቀረ፤ እንዲያውም ድመቲቱ ጠጋ ብላ ተለካክታ፣ ኮርታ ሄደች።

ጭቃ ሹሙ ወንድይራድ ሰው ሰበሰበና፣ «እስከ ህዳር ሚካኤል ያልዳነ በግ ሁሉ ይታረዳል» አለ።

«የኔዎቹ አይታረዱም» አለች ደብሪቱ።

«ማን ሊያድናቸው?»

«እኔ ነኛ!»

ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። በጎቹ ካለቁ ሰው ደጅ ቁራሽ ለማኝ መሆኗ ነው።

መጀመሪያ የዱባ ፍሬ ወቅጣ አበላቻቸው። እንዴት ወደዱት መሰላችሁ! በማግስቱ በሯን በግንባራቸው እያንኳኩ ድገሚን አሉ። ትሉ ግን ንቅንቅ አላለም። ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ቀጥላ ኮሶ አመጣች። ልኩን ማን ይወቅ? «ቀድሞ እኔን ይሞክረኝ» ብላ ግጥም አደረገችው። ከዚያማ ምኑ ይነገራል! ሦስት ቀን ከጓሮዋ ቁጥቋጦ አልወጣችም፤ ጎረቤት ምሳዋን እዚያው አመላለሰላት። በአራተኛው ቀን እየተንገዳገደች ተነሳች፤ ለየበጉ የጠጣችውን ሩብ ሰጠች። ትሉ ወጣ! ጭራው ሳይወጣ ራሱ ወንዝ ተሻግሮ ነበር። በጎቹም ቀና አሉ። በወሩ ግን ትሉ ተመለሰ። ሰው ሳቀ። አሁን እሷ አለቀሰች። ዓይኗን ጠረገችና በጎቿን ተከትላ ወደ ረግረጉ ወረደች።

ቀኑን ሙሉ አየች። ማለዳ ጤዛ የነካውን ሳር የሚግጡት ሁሉ ከስተዋል። አንዲት አንካሳ የጎረቤት በግ ብቻ መውረድ አቅቷት፣ ተረተሩ ላይ ደረቁን እየቆረጠመች ወፍራለች። «ለካ ከእርጥቡ ሳር ጋር ነው የሚገባው!»

ኮሶውን ደገመችላቸው፤ በረቱን ዘጋች። ከዚያ በየማለዳው በረጅም ቀሚሷ ሳሩን አቋርጣ ትመለሳለች። ጫፉ ከረጠበ በግ አይወጣም። በጎቹ መንደሩን በጩኸት አናወጡት።

«ምን ሰርቀው ነው ያሰርሻቸው?» አለ ጭቃ ሹሙ።

«ሳሩ ሳይደርቅ አይወጡም፣ ጌታው።»

ህዳር ሚካኤል ደረሰ። ጭቃ ሹሙ ቢላዋ ይዞ መጣ፤ ያንን ድመት ያህል የነበረውን ግልገል አንገቱን ያዘው። ግልገሉ ከነጋቢው ጎትቶ ረግረግ ውስጥ ከተተው! ጭቃ ሹሙ ጭቃውን እየተፋ ወጣ።

«በይ፣ ለኔዎቹም ኮሶውን አዘጋጂ።»

«እሺ ጌታው፤ መጀመሪያ ግን እርስዎ ይቅመሱ።»

ከዚያ ወዲህ በወርጭ አምባ ሴት በቀሚሷ ሳሩን ሳትፈትሽ በረት አይከፈትም። በየደጁ «የደብሪቱ ቀሚስ ምን አለ?» ይባላል። «ረጥቧል» ከተባለ ሁሉም በጉን ይዞ ይቀመጣል። አንዴ አዲስ የተሾመ ጭቃ ሹም በቁምጣው ደርሶ መጣና «ደርቋል፣ ልቀቁ!» ቢላቸው፣ ቀሚስ አልብሰው መልሰው ላኩት።