የእሜቴ ጃርት መጣፊያ

ተረት ተረት በሉኝና ልንገራችሁ፤ እሜቴ ጃርትን የበደላት ጉሬዛ ነው፣ ስሙን አልደብቅለትም።

የአራዊቱ የጋራ ጎተራ ክዳኑ ሲያፈስ፣ አሮጊቷ ጃርት የገዛ እሾኋን ወስፌ አድርጋ የሣር መጣፊያ ሰፋች። ክዳኑ ላይ መውጣት ስለማትችል ለጉሬዛ ሰጠችው። በአገሩ ደንብ፣ ክዳን ላይ የወጣ ሁሉ መጀመሪያ የሰፋውን ስም ጠርቶ ነው መጣፊያውን የሚያስረው። ጉሬዛ ግን ነጭ ካባውን ነስነስ አድርጎ፣ «ይህ የጉሬዛ ሥራ ነው» ብሎ ለፈፈ። ልጅም ጥርስም ለሌላት አሮጊት የቀራት ስሟ ነበር።

«ይሁንልህ» አለች ጃርት ከታች። «እንግዲህ ጠያቂውንም አንተው አስተናግድ።»

ሳይውል ሳያድር አራዊቱ ጉሬዛ ደጅ ተሰለፉ።

«ጋሼ ጉሬዛ፣ የኔም ጎጆ ያፈሳልና ስፋልኝ» አለች ሚዳቋ።

ጉሬዛ እምቢ እንዳይል አፍሮ፣ መስፋቱን ሳያውቅበት ከሣሩ ሲታገል፣ የገዛ ጅራቱን ከሣሩ ጋር ሰፍቶት አረፈ። አገር በሳቅ ፈረሰ፤ እሱንም ሳቁ ያዘው። ሣሩን እየጎተተ ጎተራው ላይ ወጣና፣ «የሰፋችው እሜቴ ጃርት ናት፤ እኔ ያሰርኩ ብቻ ነኝ» ብሎ ተጣራ።

በማግስቱ ማለዳ እሜቴ ጃርት መጥታ የጅራቱን ስፌት ተረተረችለት። ለሚዳቋ ሰፍታ ያመጣችውንም መጣፊያ አስታቅፋው፣ «በል ውጣ፤ ስሜን ስትጠራ ጎላ አድርገህ» አለችው።