አሥር ክንድ ጀልባ፣ አሥር ክንድ ተሳቢ

ተረት ይዤ መጥቻለሁ፤ ጆሮ ያለው ያውሰኝ። አዋሳችሁኝ? እንግዲያው ሳልመልስላችሁ አልሄድም።

በአንድ የሐይቅ ዳር ከተማ፣ ላይኛው ሰፈር፣ አስካለ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ቦጋለ ዕድሜውን ሙሉ ሰው ከዳር ወደ ዳር ሲያሻግር የኖረ ጀልበኛ ነው። በሠርጋቸው ሰሞን «አንድ ቀን አንቺን ብቻ አሳፍሬ ሐይቁ መሃል ሻይ እንጠጣለን» ብሏት ነበር። አስካለ ቴርሞሷን ይዛ ወደ ሐይቁ በወረደች ቁጥር ግን ጀልባው ጢም ብሎ፣ ቦጋለም እጁን አፉ ላይ አድርጎ «ሞልቷል! ሞልቷል!» እያለ ሲርቅ ትደርሳለች። ሻዩን ለዓሣ ሻጮቹ አጠጥታ ትመለሳለች። ተጣልታው አታውቅም። ቅር አይላትም ነበር ብል ግን እዋሻለሁ።

ቦጋለ ጡረታ ሲወጣ የድሮ ቃሉ ትዝ አለውና አንዲት የመዝናኛ ጀልባ ሠራ። ሰማያዊ ቀባት፤ ሁለት መቀመጫ ብቻ አደረገላት። የት ሠራት? ግቢው ውስጥ! ሐይቁ ታች፣ እሱ ላይ! ምን ያድርግ፣ ጀልባ ዘወትር ውሃ ላይ ሆና ነው የጠበቀችው፤ ወደ ውሃ እንዴት እንደምትሄድ አስቦት አያውቅም። ጎረቤቱ ሁሉ «ቦጋለ፣ ሐይቁ ራሱ ሊመጣልህ ነው እንዴ?» እያለ ሲስቅበት ከረመ። ጀልባዋም ሸራ ለብሳ ተቀመጠች። ክረምቱ ደግሞ እየቀረበ ነው። ክረምት ከገባ ማዕበሉ ትንሽ ጀልባ አያስጠጋም፤ የቦጋለም ጉልበት ከዓመት ዓመት እየከዳው ነው። አስካለ ይህን ታውቃለች፤ ዘንድሮ ካልሆነ መቼም አይሆንም።

ስለዚህ የሚጎትት ፍለጋ ወጣች። መጀመሪያ የአህያ ጋሪ አመጣች።

«እዚህ ላይማ አልወጣም!» አለች ጀልባዋ። «ወገቤ ተጭኖ ጭንቅላቴና እግሬ አየር ላይ ሊንጠለጠል ነው?»

የጭነት መኪና ተሳቢ አመጣች።

«ይሄ ደግሞ ጠረጴዛ ነው» አለች ጀልባዋ። «የኔ ሆድ ክብ ነው። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ እንደ ሐብሐብ እንከባለላለሁ። ለኔ ሆዴን አቅፎ የሚይዝ፣ ውሃው ድረስ ገብቶ ጎንበስ ብሎ የሚያወርደኝ፣ በልኬ የተሠራ ተሳቢ ፈልጉልኝ።»

ጀልባ ሆና ብትኩራራም እውነቷን ነው። ቦጋለ ወደ በያጁ ደምስ ሄዶ «አሥር ክንድ ናት» አለው። ደምስም የአሥር ክንድ ተሳቢ ሠራ፤ ጎማ ገጠመለት፣ ሆድ የሚያቅፍ አልጋ በየደለት፣ የገዛ ፒክአፑ መጎተቻ ጋንቾ ላይ አስሮም አመጣው። እንዴት ያለ ተሳቢ መሰላችሁ! አንድ ነገር ብቻ ነበር። ቦጋለ አጭር ሰው ነው። ደምስ ደግሞ በማንኛውም በር ጎንበስ ሳይል የማይገባ ሎጋ ነው። ጀልባዋ በቦጋለ ክንድ ተለካች፤ ተሳቢው በደምስ ክንድ ተሠራ።

«አልወጣም!» አለች ጀልባዋ። «ረዝሞብኛል። ወደ ፊት ብጠጋ ኋላዬን የሚይዘኝ የለም፤ ወደ ኋላ ብከብድ ተሳቢው መንገድ ላይ ጭራውን ይወዘውዛል።»

አስካለ ወደ ተሳቢው ዞረች። «አንተ ተሳቢ፣ እባክህ እጠር። ጀልባዋ አልወጣም አለች፤ እኔም ሐይቁ መሃል ሻዬን ሳልጠጣ ክረምቱ ሊገባ ነው።»

«መጋዝ ካልቆረጠኝ አላጥርም» አለ ተሳቢው።

ወደ መጋዙ ሄደች። «አንተ መጋዝ፣ እባክህ ቁረጥ። ተሳቢው አላጥርም አለ፤ ጀልባዋ አልወጣም አለች፤ እኔም ሐይቁ መሃል ሻዬን ሳልጠጣ ክረምቱ ሊገባ ነው።»

«ደምስ ካላነሳኝ አልቆርጥም። እግር የለኝ፣ እጅ የለኝ» አለ መጋዙ።

ወደ ደምስ ሄደች። «ደምስ ወንድሜ፣ እባክህ መጋዙን አንሳ። መጋዙ አልቆርጥም አለ፤ ተሳቢው አላጥርም አለ፤ ጀልባዋ አልወጣም አለች፤ እኔም ሐይቁ መሃል ሻዬን ሳልጠጣ ክረምቱ ሊገባ ነው።»

ደምስ ግን ኩርፊያው ፊቱ ላይ ነበር። «አላነሳም፣ እትዬ አስካለ። ጋሼ ቦጋለ አሥር ክንድ አሉኝ፤ አሥር ክንድ ሠራሁ። ከዚያ በሰው ፊት ‹መለካት አትችልም› ብለው አዋረዱኝ። መጥተው ካላናገሩኝ የራሴን ሥራ አልቆርጥም።»

ወደ ባሏ ተመለሰች። «ቦጋለ፣ በሞቴ ሄደህ ደምስን አናግረው። ደምስ መጋዙን አላነሳም አለ፤ መጋዙ አልቆርጥም አለ፤ ተሳቢው አላጥርም አለ፤ ጀልባዋ አልወጣም አለች፤ እኔም ሐይቁ መሃል ሻዬን ሳልጠጣ ክረምቱ ሊገባ ነው።»

«አላናግረውም!» አለ ቦጋለ። «‹ክንድዎ የዶሮ ክንፍ ያህላል› አለኝ እኮ፣ አስኩ! በዚህ ክንድ ነው ያን ሁሉ ዘመን የቀዘፍኩት። ሽማግሌ ካልገባ አልሄድም።»

ይሄን የሚሉት ሁለት ጎልማሶች መሆናቸውን አትርሱብኝ። አስካለ ነጠላዋን አጣፍታ ሰፈሩ ሲጣላ ሁሉ ወደሚያስታርቁት ወደ ባሻ ይርጋ ሄደች።

«ባሻ፣ እባክዎ እነዚህን ሰዎች ያስታርቁልኝ። ቦጋለ ደምስን አላናግርም አለ፤ ደምስ መጋዙን አላነሳም አለ፤ መጋዙ አልቆርጥም አለ፤ ተሳቢው አላጥርም አለ፤ ጀልባዋ አልወጣም አለች፤ እኔም ሐይቁ መሃል ሻዬን ሳልጠጣ ክረምቱ ሊገባ ነው።»

ባሻ ይርጋ ግን አገጫቸውን ከዘራቸው ላይ ጥለው ቁጭ ብለዋል። «ልጄ፣ አላስታርቅም። ነጠብጣቧ ዶሮዬ ከጠፋችብኝ ወዲህ ልቤ ከቤት አልወጣ አለኝ። ሌላ ማን አለኝ? ዶሮዬ ካልተመለሰች የማንንም ነገር አልሰማም።»

አስካለ ማሽላ እየበተነች ሰፈሩን ዞረች። አጥር ስር የለችም፤ ወፍጮ ቤቱ ደጅ የለችም። ደክሟት ግቢዋ ገብታ ጀልባዋን ደገፍ ስትል፣ ከሸራው ሥር አንድ ነገር «ቀቅ» አለ። የሸራውን ጫፍ ገልበጥ አድርጋ ብታይ ነጠብጣቧ ዶሮ መቀመጫው ሥር ተደላድላ እንቁላሎቿን ታቅፋ ተቀምጣለች!

«አንቺ ጀልባ! ምነው አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቅሽኝማ» አለች ጀልባዋ።

«ዶሮዬ፣ እባክሽ ተነሽ። ባሻ አላስታርቅም አሉ፤ ቦጋለ ደምስን አላናግርም አለ፤ ደምስ መጋዙን አላነሳም አለ፤ መጋዙ አልቆርጥም አለ፤ ተሳቢው አላጥርም አለ፤ ጀልባዋ አልወጣም አለች፤ እኔም ሐይቁ መሃል ሻዬን ሳልጠጣ ክረምቱ ሊገባ ነው።»

«እንቁላሎቼ ሳይፈለፈሉ አልነሳም» አለች ዶሮዋ። እናት ናት፤ ማን ይፈርድባታል?

«እንቁላሎች፣ እባካችሁ ተፈልፈሉ» አለች አስካለ።

«ፀሐይ ካላሞቀችን አንፈለፈልም» አሉ እንቁላሎቹ።

«ፀሐይ፣ እባክሽ አሙቂያቸው። እንቁላሎቹ አንፈለፈልም አሉ፤ ዶሮዋ አልነሳም አለች፤ ባሻ አላስታርቅም አሉ፤ ቦጋለ ደምስን አላናግርም አለ፤ ደምስ መጋዙን አላነሳም አለ፤ መጋዙ አልቆርጥም አለ፤ ተሳቢው አላጥርም አለ፤ ጀልባዋ አልወጣም አለች፤ እኔም...» ትንፋሽ አጠራት።

«ገብቶኛል፣ ገብቶኛል» አለች ፀሐይ። «ግን ሸራው ካልተገለጠ በምን ላሙቃቸው?»

አስካለ ወደ ሸራው ዞረች። «ሸራ፣ አንተ ደግሞ እባክህ ተገለጥ። ፀሐይ አላሞቅም አለች፤ እንቁላሎቹ አንፈለፈልም አሉ፤ ዶሮዋ አልነሳም አለች፤ ባሻ አላስታርቅም አሉ፤ ቦጋለ ደምስን አላናግርም አለ፤ ደምስ መጋዙን አላነሳም አለ፤ መጋዙ አልቆርጥም አለ፤ ተሳቢው አላጥርም አለ፤ ጀልባዋ አልወጣም አለች፤ እኔም ሐይቁ መሃል ሻዬን ሳልጠጣ ክረምቱ ሊገባ ነው።»

«እኔ እምቢ አላልኩም» አለ ሸራው። «ገመዴ ታስሯል። የሚፈታኝ ሰው ነው ያጣሁት።»

አስካለ ገመዱን አየችው። የጀልበኛ ቋጠሮ ነው፤ ላላወቀበት ሰው ሲጎትቱት የሚብስ። እሷ ግን ሐይቁ ዳር ቆማ ቦጋለ ይህን ቋጠሮ ሲቋጥርና ሲፈታ ስንት ዘመን አይታለች! ሁሉን ስትለምን ውላ ለዚህኛው ማንንም መለመን አላስፈለጋትም። አንዱን ጫፍ ወደ ውስጥ ገፋ፣ ሌላውን ሳብ ስታደርገው ተፈታ።

ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ወደ ኋላ ዞረ። ሸራው ተገለጠ፤ ፀሐይ እንቁላሎቹን አሞቀች፤ እንቁላሎቹ ተፈለፈሉ፤ ዶሮዋ ጫጩቶቿን አስከትላ ተነሳች። ባሻ ይርጋ አንዲት ዶሮ ጠፍታባቸው ከነቤተሰቧ ስትመጣ ከዘራቸውን ጥለው ብድግ አሉ። ቦጋለንና ደምስንም አስጠርተው ጀልባዋ አጠገብ ጎን ለጎን አስቀመጧቸው።

«ክርናችሁን አጋጥማችሁ እጃችሁን ዘርጉ» አሉ ባሻ።

ዘረጉ። የደምስ መዳፍ የሚጀምረው የቦጋለ ጣት ሊያልቅ ሲል ነበር። ሁለቱም ክንዳቸውን ተመለከቱ። ከዚያ ቦጋለን ሳቅ አመለጠው።

«ለካ ተሳቢውን የሠራኸው ለጀልባዬ ሳይሆን ለክንድህ ነው!»

«ጋሼ፣ እርስዎስ የነገሩኝ የጀልባዎን ልክ ነው ወይስ የክንድዎን?» አለ ደምስ፤ እሱም ስቆ፣ ተነስቶ የቦጋለን ትከሻ ሳመ። «ያቺን የዶሮ ነገር ይተዉልኝ።»

«ተውኳት። ዶሮዋ ራሷ ናት ያስታረቀችን።»

«ጀልባ በጀልባ ይለካል» አሉ ባሻ። «ገመድ አምጡ።»

አስካለ ከሸራው የፈታችውን ገመድ አቀበለች። ገመዱን ከጀልባዋ አፍንጫ እስከ ኋላዋ ዘረጉት፤ ከዚያ ሳያሳጥሩ ሳያስረዝሙ ተሳቢው ላይ አጋደሙት። ቦጋለ ደምስን አናገረው፤ ደምስ መጋዙን አነሳ፤ መጋዙ ቆረጠ፤ ተሳቢው አጠረ። ደምስ የጀልባዋ ክብደት ትንሽ ወደ ፊት፣ ወደ መኪናው እንዲያደላ ጎማዎቹን ወደ ኋላ ሸሸት አድርጎ በየዳቸው። ጀልባዋም ሆዷን አልጋው ላይ አሳርፋ «እሰይ፣ አሁን ገና አልጋ አገኘሁ» አለችና ወጣች።

ፒክአፑ ቀስ ብሎ ቁልቁለቱን ወረደ። ተሳቢው ጭራውን አንዴም ሳይወዘውዝ ተከተለ። ሐይቁ ዳር ሲደርሱ ደምስ ወደ ኋላ እየነዳ ተሳቢውን ውሃው ውስጥ አስገባው፤ ጀልባዋም ማንም ሳይገፋት ተንሳፈፈች። ቦጋለ ጎንበስ ብሎ አንዱን እጁን ለአስካለ ዘረጋላት። ነጠላዋን ሰብሰብ፣ ቴርሞሷን እቅፍ አድርጋ ገባች። ተቀመጠች። እንባዋ መጣ፤ አልደበቀችውም፤ ደስ ብሏት ነውና ምን ልትደብቅ!

ዳር የቆመው ሕዝብ ግን መች ይተዋል! ዓሣ ሻጮቹ «እኛንስ?» አሉ። ደምስ ሱሪውን ጠቅልሎ «ጋሼ፣ ለኔም ጥግ አትጠፋም!» አለ። ባሻ ይርጋ ሳይቀሩ ከዘራቸውን ከፍ አደረጉ።

ቦጋለ መቅዘፊያውን አሳረፈ። አንድ እጁን አፉ ላይ አደረገ፤ እንደ ድሮው ድምፁ ከዳር እስከ ዳር ተሰማ።

«ሞልቷል! ሞልቷል!»

አስካለ ይህን ጥሪ ከጀልባ ውስጥ ስትሰማው የመጀመሪያዋ ነበር። የቴርሞሷን ክዳን ከፈተችና ቀድታ ሰጠችው።

በሉ፣ ያዋሳችሁኝን ጆሮ ይኸው መልሻለሁ። ክንድ ግን ከማንም እንዳትዋሱ።