ቀይ ሹራብ የለበሰው ወንድም

«አንድ የእንግሊዝኛ መምህር ነበረ» አሉ ጋሽ ደምሰው፣ ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው።

በክረምቱ የመምህራን ሥልጠና ላይ ነው። ጋሽ ደምሰው ተማሪዎችን ለጽሑፍ ፈተና ስለማዘጋጀት ሲያሠለጥኑ፣ ሐመልማል የምትባል ወጣት መምህርት እጇን አውጥታ ጠየቀቻቸው። «ጋሼ፣ ልጆቹ ባዶ ወረቀት ሲያዩ ይደነግጣሉ። አንድ ጥሩ ድርሰት ሰጥቼ ባስሸመድዳቸው ምን አለበት? ቢያንስ ያልፋሉ።» በእጇ የታጠፈ ወረቀት ይዛለች። ከመምህር ወደ መምህር ሲተላለፍ እሷ ዘንድ የደረሰ፣ ማን እንደጻፈው የማይታወቅ ድርሰት ነው፤ እሷም ገና በቅጡ አላነበበችውም።

ጋሽ ደምሰው አልተቆጡም። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉና «ያ መምህር እኔ ነኝ ብለሽ ደግሞ እንዳትጠረጥሪ» አሏት። «እኔ ብሆን ኖሮ እንዲህ ተረጋግቼ አላወራውም ነበር።» ከዚያ ቀጠሉ።

ይህ መምህር ሰነፍ አልነበረም። ክፋትም አልነበረበትም። ልጆቹን ይወድ ነበር፤ ጥፋቱም የመጣው ከመውደዱ ነው። በዚያ አገር ወደ መምህራን ኮሌጅ ለመግባት አንድ ገጽ የእንግሊዝኛ ድርሰት መጻፍ ግድ ነበር። ርእሱም ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣ ያው ነው፤ «የማልረሳው ቀን»። ልጆቹ ሰዋስዉን ያውቁታል፣ ቃሉንም ያውቁታል። ወረቀቱ ፊት ሲቀመጡ ግን እጃቸው ይደርቃል።

መምህሩ አሰበበት። ሠርግና ድግስ የአራሚን ልብ አይነካም፤ ሞት ግን ይነካል። ስለዚህ አንድ ወንድም ፈጠረ። እሱ ራሱ ወንድም ኖሮት አያውቅም፤ ማንንም የሚጎዳ አልመሰለውም። ወንድምየውን ቀይ ሹራብ አለበሰው፣ በክረምት ወንዝ አወረደው፣ ደራሽ ውኃ አስወሰደው፣ አንድ እግር ጫማውን ድንጋይ ላይ አስቀረለት። እናቱን ደግሞ ወንዙ ዳር አቁሞ ስሙን ሦስት ጊዜ አስጠራት። ጽፎ ሲጨርስ የገዛ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ጥሩ ድርሰት ነበር፤ ይህን አልክድም።

ሰሌዳው ላይ ጻፈው፣ ልጆቹም ደብተራቸው ላይ ገለበጡት። ለወንዙና ለወንድምየው ስም ብቻ ክፍት ቦታ ተወላቸው። ጠዋት ጠዋት ከመቀመጫቸው ተነሥተው ባንድ ድምፅ ይሉታል። መጀመሪያ እየተደነቃቀፉ ነበር፤ በኋላ ግን እንደ አንድ ሰው ሆኑ። ነጥቡ ጋ ሲደርሱ አብረው ይተነፍሳሉ። በመንገድ የሚያልፍና ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ቢሰማ፣ የዚያን ከተማ ልጅ ሁሉ ወንዝ የበላው ይመስለዋል።

በዚያ ዓመት አብዛኛው ልጅ አለፈ። ወላጆች መምህሩን ጋቢ አለበሱት። ከየወረዳው መምህራን ተጠርተው እንዲያሠለጥናቸው ተደረገ። ድርሰቱን ሲቀዱ አንዱ ቀና ብሎ «በእውነት ወንድሙ የሞተበት ተማሪ ቢኖርስ?» ሲል ጠየቀ። መምህሩ ሳቀ። «እሱማ ታድሏል» አለ። «ሳያጠና ያልፋል።» ሁሉም አብረው ሳቁ፣ ቀድተው ጨረሱ፣ ወደየትምህርት ቤታቸው ተመለሱ። ወንድምየውም አብሯቸው ሄደ።

በሦስተኛው ዓመት መምህሩን ለመግቢያ ፈተናው እርማት ጠሩት። ሰፊ አዳራሽ ነው፤ ረጃጅም ጠረጴዛ፣ ሠላሳ አራሚ፣ ለያንዳንዱ ቀይ እስክሪብቶ። ወረቀቶቹ ስም የላቸውም፤ ቁጥር ብቻ። የመጀመሪያውን አነሣ። ወንድሜ ቀይ ሹራብ ለብሶ ወንዝ ወረደ ይላል። መምህሩ ፈገግ አለ። ሁለተኛውን አነሣ። ወንድሜ ቀይ ሹራብ ለብሶ ወንዝ ወረደ። ሦስተኛውም፣ አራተኛውም እንደዚያው። የእጅ ጽሕፈቱ ይለያያል፣ የወንዙ ስም ይለያያል፤ ጫማው ግን ያው ድንጋይ ላይ ነው። ረፋድ ላይ ፈገግታው ጠፋ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ፀጉሩ ቆመ። የሚያነበው በራሱ ድምፅ አልነበረም። ያ የጠዋቱ የልጆች ድምፅ ጆሮው ውስጥ ይለዋል፤ ነጥቡ ጋ ሲደርስም አዳራሹ በሙሉ አብሮት የተነፈሰ መሰለው። ቀና ብሎ አየ። እውነትም ሁሉም ያንኑ ዓረፍተ ነገር እያነበቡ ነበር፤ ከንፈራቸው አብሮ ይንቀሳቀሳል።

«ኧረ ጎበዝ!» አለ ከፊት ለፊቱ የተቀመጠው አራሚ። ሊቀልድ ፈልጎ ነው። «ይህ ወንዝ ስንት ሰው ነው የሚበላው? እኔ ጋ ብቻ አርባ አለቁ።» ማንም አልሳቀም።

የእርማቱ ኃላፊ መጥቶ አየና ትእዛዝ ሰጠ። ቀይ ሹራብ ያለበት ወረቀት ሁሉ የተኮረጀ ነው፤ ዜሮ ይሰጠው። መምህሩ ድርሰቱ የማን እንደሆነ አልተናገረም። አንገቱን ደፍቶ ዜሮ ማስፈር ጀመረ።

ከሰዓት በኋላ አንድ ወረቀት እጁ ገባ። ያው ድርሰት ነው፤ ግን ሦስተኛው መስመር ላይ ስርዝ አለው። ከስርዙ ሥር ያለው ይነበባል። «ሹራብ አልነበረም። የለበሰው የእኔን» ይልና ይቆማል። ቀጥሎ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ በቀጥ ያለ ጽሕፈት፣ «ቀይ ሹራብ ለብሶ ነበር» ይላል።

መምህሩ እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀረ። በዚያ ሁሉ ወረቀት መካከል አንድ እውነተኛ ወንድም እንዳለ ገባው። ብድግ ብሎ «ድርሰቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ይህን ልጅ ግን ተዉት» ማለት ይችል ነበር። በሠላሳ ሰው ፊት መዋረዱ ታየው። ዜሮውን ጻፈ፣ ወረቀቱን ገለበጠ፣ ቀጣዩን አነሣ።

ቁጥሩ ግን ከዓይኑ አልጠፋም። እርማቱ እንዳለቀ ቁጥሩን ይዞ፣ ፈተናው የተሰጠበትን ትምህርት ቤት አጠያይቆ ሄደ። ባለ ቁጥሯ አንዲት ልጅ ናት፤ ያ በሥልጠናው ላይ «ወንድሙ የሞተበት ቢኖርስ?» ብሎ የጠየቀው መምህር ያስተማራት። ልጅቷን በእናቷ ደጃፍ ላይ ምስር ስትለቅም አገኛት።

መምህር መሆኑን ነገራትና «ወንድም ነበረሽ?» አላት።

«ነበረኝ፣ ቲቸር።»

«ወንዝ ነው የወሰደው?»

«አዎ። ሁለት ዓመት ሆነው።»

«ያን ቀን ምን ለብሶ ነበር?»

ልጅቷ አፏን ከፈተች። የወጣው ግን እንግሊዝኛ ነበር። ድርሰቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ በዚያ በጠዋቱ ዜማ፣ ዓይኗን ሳታርገበግብ በቃሏ አለችው። ስትጨርስ ደንግጣ አፏን በእጇ ያዘች። «ቀይ ሹራብ ኖሮት አያውቅም» አለች እያለቀሰች። «ግን ላስታውሰው ስል እሱ ነው የሚመጣብኝ። ሌላ ምንም አይመጣም።»

እናቲቱ ሰምታ ከውስጥ ወጣች። እንግሊዝኛ አታውቅም፤ ልጇ ስታጠና ምን እንደሚል በአማርኛ ነግራት ነበር። «በፊት በሕልሜ ሲመጣ ፊቱን ያሳየኝ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «አሁን ጀርባውን ሰጥቶኝ ነው የሚቆመው፤ ቀይ ሹራብ ለብሶ። ሦስት ጊዜ እጠራዋለሁ። አይዞርም።»

መምህሩ ከልጅቷ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ። የሚሰጣት ድርሰት አልነበረውም፤ ስለዚህ መጠየቅ ጀመረ። ያን ቀን ማን ቀድሞ ተነሣ? ምን ቀመሳችሁ? ዝናብ ነበረ? ልጅቷ አንዳንድ ቃል ጣል ታደርግ ጀመር። ቀድማ የተነሣችው እሷ ናት። የተቆላ ሽምብራ በልተዋል። ዝናቡ ሳምንቱን ሙሉ አላባራም፤ የታጠበ ልብስ አይደርቅም ነበር። የሱም ሸሚዝ እርጥብ ነበር።

«የእኔን ዩኒፎርም!» አለች ድንገት። «የእኔን ዩኒፎርም ለበሰ። እጅጌው አጥሮት፣ እጁን እየዘረጋ እያሳየኝ ይስቅ ነበር።» ደብተሯን አምጥታ በተሰባበረ እንግሊዝኛ አራት መስመር ጻፈች። መምህሩ በዕድሜው ከዚያ የተሻለ ድርሰት አላነበበም።

ዜሮው ግን ዜሮ ሆኖ ቀረ። መምህሩ ተመልሶ ሄዶ ቢናዘዝም፣ ውጤቱ አንዴ ወጥቷል ተባለና ልጅቷ ኮሌጅ ሳትገባ ቀረች። እናቲቱም ልጇ ፊቱን እስኪያዞርላት ዛሬም ትጠብቃለች ይባላል።

ጋሽ ደምሰው መነጽራቸውን አደረጉና ወደ ሐመልማል ዞሩ።

«እንግዲህ ልጄ፣ ለጠየቅሽኝ መልሱ ይኸው ነው። ባዶ ወረቀት ያስፈራል፤ እውነትሽን ነው። ያ መምህር ግን ፍርሃቱን አላስወጣላቸውም፣ ሹራብ ደረበበት እንጂ። የምታስሸምድጃቸውም ድርሰት እንደዚያ ሹራብ ነው። ለማንም ተብሎ አልተሠራም፤ ሁሉም ላይ ግን ይጠልቃል። የለበሰው ልጅ ጀርባውን ይሰጥሻል፣ ብትጠሪው አይዞርም። አራሚው ዜሮ የሚሰጠው ለሹራቡ ነው፤ የሚወድቀው ግን ልጁ ነው። የእኛ ሥራ አጠገባቸው ተቀምጦ መጠየቅ ነው። ማን ቀድሞ ተነሣ? ምን ቀመሳችሁ? አሰልቺ ነው፣ ጊዜ ይፈጃል፣ ጋቢም አያስለብስም።»

ሐመልማል የታጠፈውን ወረቀቷን ዘረጋች። ዓይኗ ወርዶ ሦስተኛው መስመር ላይ ቆመ።

«ቀይ ነው?» አሏት ጋሽ ደምሰው።

«ቀይ ነው፣ ጋሼ።»

ከደረት ኪሳቸው እስክሪብቶ አውጥተው ሰጧት። «ወረቀቱን አዙሪው። ጀርባው ባዶ ነው አይደል? በማትረሺው ቀን አንቺ ምን ለብሰሽ ነበር? ከዚያ ጀምሪ።»